የድሮ መኪና ማርሽ አልገባ ሲል፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

«ማርሽ አልገባ አለኝ» የሚለው አቤቱታ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ሙሉ በሙሉ የማይለቅ መኪና፣ እጀታውን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት የማርሽ ማገናኛ ዘንጎቹ የላሉ መኪና፣ የማይስማማው ዘይት የተሞላ ካምቢዮ፣ የሲንክሮናይዘር ቀለበቱ ያለቀ ካምቢዮ እና ውስጡ በእርግጥ የተሰበረ ካምቢዮ፣ ሁሉም ለአሽከርካሪው እጅ የሚሰጡት ስሜት ተቀራራቢ ነው። የሚለያዩት በሚጠይቁት ሥራ ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ቁልፍ በሩብ ሰዓት ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ካምቢዮ አውርዶ ለቀናት መፍታትን ይጠይቃል። በመሆኑም ምርመራው ከእግር ሥር ተነሥቶ፣ በፔዳሉና በማገናኛዎቹ በኩል አልፎ፣ ካምቢዮው ውስጥ መግባት ያለበት በመጨረሻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚሆነውን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ኋላ ማርሹ እየጮኸ ያስቸገረኝን መኪና ካምቢዮ አውርጄ፣ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ (ኃይሉን በሰበቃ የሚያስተላልፈውን ክብ ሳህን) አስገብቼ፣ ሁሉንም መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ጩኸቱ እንዳለ ነበር፤ ጥፋተኛው በዚያው ሰሞን ወለሉ ላይ ያነጠፍኩት ወፍራም ምንጣፍ ነበር፤ ፔዳሉ መድረስ ካለበት ሁለት ጣት ቀድሞ ይቆም ነበርና።

ከዚህ በታች የተጻፈው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ላላቸው መኪኖች ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የመኪናዎን ካምቢዮ ጠባይ ይወቁ

በድሮ መኪና ላይ ብልሽት የሚመስል ነገር ሁሉ ብልሽት አይደለም። ማርሽ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገው ሲንክሮናይዘር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ መኪኖች ላይ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ብዙ አምራቾች በሁሉም ማርሾች ላይ አላስገቡትም። ኤምጂቢ እስከ 1967፣ ሚኒ እስከ 1968 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንደኛ ማርሻቸው ሲንክሮናይዘር አልነበረውም። ከ1957 እስከ 1975 የተመረተው ፊያት 500 ደግሞ በየትኛውም ማርሹ ላይ የለውም። እንዲህ ባለ መኪና ላይ በጉዞ ላይ ሳሉ ወደ አንደኛ ማርሽ ሲመልሱ ጥርሱን ቢያፋጭ ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ መስተካከል ያለበት የአነዳድ ዘዴው ነው።

ዘዴው ፍሪሲዮንን ሁለት ጊዜ መርገጥ ነው። ፔዳሉን ረግጠው ማርሹን ወደ ዜሮ ያወጣሉ፣ ፔዳሉን ይለቃሉ፣ ወደ ታችኛው ማርሽ የሚወርዱ ከሆነ ነዳጁን ለአፍታ ይጫናሉ፣ እንደገና ረግጠው ማርሹን ያስገባሉ። በመካከል ፔዳሉ ሲለቀቅ የካምቢዮው ዘንግ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ፍጥነቱን ስለሚያስተካክል ጥርሶቹ በእኩል ፍጥነት ይገናኛሉ። ይህን እንቅስቃሴ ከአሁኑ ይለማመዱት፤ ከዚህ በታች ለምርመራም ያገለግላል።

ሲንክሮናይዘር ያላቸውም ቢሆኑ የየራሳቸው አመል አላቸው። የአልፋ ሮሜዮ 105 ቤተሰብ መኪኖች ካምቢዮው እስኪሞቅ ድረስ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ማጉረምረማቸው የታወቀ ነው። እስከ 1986 የተመረቱት የፖርሽ 911 መኪኖችም የፖርሽን የራሱን ዓይነት ሲንክሮናይዘር ስለሚጠቀሙ፣ እጅ ሲቸኩል ይቃወማሉ፣ ሲታገሥ ይቀበላሉ። ስለዚህ የአምራቹን የጥገና መጽሐፍ ፈልገው ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ፦ የትኞቹ ማርሾች ሲንክሮናይዘር እንዳላቸው፣ ምን ዓይነት ዘይት እንደታዘዘ፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ነጻ እንቅስቃሴ ስንት ሚሊሜትር መሆን እንዳለበት።

ቁልፍ ከማንሣትዎ በፊት ምልክቱንም በወረቀት ላይ ያስፍሩ። የሚያስቸግረው አንድ ማርሽ ነው ወይስ ሁሉም? ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ወደ ላይ ሲቀይሩ ነው ወይስ ወደ ታች ሲመልሱ? በአንድ ቀን የመጣ ነው ወይስ እያደር የባሰ? ከሁሉም በላይ፣ የመጣው ከየትኛው ጥገና በኋላ ነው? በድንገት የመጣ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰ ካቦ፣ የወለቀ ፒን ወይም ያፈሰሰ ፖምፓ ነው፤ እያደር የመጣው የመበላት ውጤት ነው፤ መኪናው ለወራት ከቆመ በኋላ የመጣው ደግሞ በዝገት የተጣበቀ የፍሪሲዮን ሸራ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩን አጥፍቶ መሞከር

መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁመው ጎማዎቹን ይደግፉ። ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን ረግጠው ሁሉንም ማርሾች በየተራ፣ ኋላ ማርሽንም ጨምሮ፣ ያስገቡና ያውጡ። አንዱ አልገባም ቢል ወዲያው አይፍረዱበት፤ የጥርሶቹ ጫፎች ፊት ለፊት ተጋጥመው ሊሆን ስለሚችል ድጋፉን አንሥተው መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርገው እንደገና ይሞክሩ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በልስላሴ የሚገቡ፣ ሞተሩ ሲሠራ ግን የሚያስቸግሩ ከሆነ፣ ችግሩ ፍሪሲዮኑ አለመልቀቁ ነው ብለው በከፍተኛ እርግጠኝነት መነሣት ይችላሉ፤ ሲንክሮናይዘርም ሊኖርበት ይችላል፣ እሱ ግን በኋላ በመንገድ ላይ ይለያል። ሞተሩ ጠፍቶም እጅዎን የሚታገል ከሆነ ፍሪሲዮኑን ለጊዜው ይተዉትና ወደ ማገናኛ ዘንጎቹ ይሂዱ። አንድ መስመር ብቻ፣ ለምሳሌ አንደኛና ሁለተኛ፣ አስቸግሮ ሌሎቹ የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው የዘንጎቹ አስተካከል ወይም ያንን መስመር የሚገፋው የውስጥ ሹካ ነው።

የኋላ ማርሽ ፈተና

በአብዛኞቹ የድሮ መኪኖች ኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው ስለ ፍሪሲዮኑ እውነቱን የሚናገር ምስክር ነው። ሞተሩን አሙቀው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይጫን በሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) እንዲሠራ ያድርጉ። ሚኒሞው ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ለምሳሌ በደቂቃ 800 ዙር መሆን ሲገባው 1,200 የሚዞር ከሆነ፣ በቅድሚያ እሱን ያውርዱ፤ ከፍ ባለ ሚኒሞ የተነሣ ብቻ የሚያፋጭ ጤነኛ መኪና ብዙ ነው። ከዚያ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፣ ቀስ ብለው እስከ 5 ይቁጠሩ፣ ኋላ ማርሹን በለስላሳ እጅ ያስገቡ።

ወዲያው ሲያስገቡት የሚያፋጭ፣ ከ5 ሰከንድ በኋላ ግን በጸጥታ የሚገባ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይለቃል፤ የሰሙት ድምፅ የካምቢዮው ዘንግ በራሱ ፍጥነት እየዞረ ገና ያልቆመ በመሆኑ የመጣ ነው። ከ10 ሰከንድ በኋላም የሚያፋጭ ከሆነ ግን አንድ ነገር ያንን ዘንግ ማዞሩን አላቆመም ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ሁለተኛ ፈተና አለ። ኃይል የሚያገኙትን ጎማዎች ከመሬት አንሥተው መኪናውን በጠንካራ መደገፊያዎች ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ላይ ይህ ፈጽሞ አይደረግም፣ ከመኪናው በፊትም ሆነ በኋላ ሰው መቆም የለበትም። ሞተሩን አጥፍተው አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ፔዳሉን እንደረገጡ ሞተሩን ያስነሡ። ጎማዎቹ ቀስ ብለው ቢዞሩ አይደንግጡ፤ የፍሬን ፔዳሉን በስሱ ይንኩ። ጎማዎቹ ወዲያው ቆመው ሞተሩ ምንም ካልተሰማው ያዞራቸው የቀዘቀዘ ዘይት መጎተት ብቻ ነው። ፍሬን ሲይዙ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጨነቅ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በእርግጥ አልለቀቀም።

ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ምክንያቱ የት ነው?

አብዛኛው ጊዜ የሚጠፋው፣ ደግሞም ብዙ ሰው ቸኩሎ ካምቢዮ የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። ፍሪሲዮን የሚለቀው በጥቂት ሚሊሜትር እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ከእግርዎ እስከ ገፊው ኩሽኔታ (ፍሪሲዮኑን ገፍቶ እስከሚያስለቅቀው) ባለው መንገድ ላይ የላላ ነገር ሁሉ ከዚያች ጥቂት ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚፈልጉት አንድ ትልቅ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ተደምረው ፔዳሉን አቅመ ቢስ ያደረጉ ሦስት አራት ትናንሽ ልልነቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከወለሉ ይጀምሩ። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አንሥተው ፈተናውን ይድገሙት። ቀጥለው ፔዳሉን ከላይኛው ፖምፓ ዘንግ ወይም ከካቦው ጋር የሚያያይዘውን ፒን አውጥተው ይመልከቱ። ፒኑ በመሐሉ ተበልቶ ወገብ አውጥቶ፣ ክቡ ቀዳዳ እንቁላል መስሎ ማግኘት በድሮ መኪና ላይ የተለመደ ነው። የፔዳሉ የማባዛት ልክ 5 ለ 1 ከሆነ፣ ፒኑ ላይ የጠፋው 1 ሚሊሜትር ከእግር እንቅስቃሴ ላይ 5 ሚሊሜትር ይወስዳል። በታችኛው ፖምፓ (የፔዳሉን ግፊት ካምቢዮው ዘንድ በሚቀበለው) እና ገፊውን ኩሽኔታ በሚያንቀሳቅሰው የፍሪሲዮን ሹካ መካከል ሌላ ፒን ካለም ያው ስሌት እንደገና ይደመራል። አዲስ ፒን ገዝቶ በተበላ ቀዳዳ ውስጥ መክተት ግማሽ ሥራ ነው፤ ቀዳዳው በብየዳ ተሞልቶ እንደገና መበሳት ወይም ቡሽ ሊገባበት ይገባል።

በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ የላይኛውን ፖምፓ የዘይት መጠን ይዩ። ጎድሎ ከሆነ የሄደበትን ሳያገኙ አይሙሉት። የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣትዎ ገልጠው ይመልከቱ፤ ውስጡ ከረጠበ ጎሚኒው (ዘይት የሚያግደው የውስጥ ጎማ) አልቋል። የላይኛው ፖምፓ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ወደ መኪናው ውስጥ፣ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ስለሆነ መብራት ይዘው ከዳሽቦርዱ ሥር ይፈልጉ። ይህ ዘይት ቀለም ስለሚልጥ የተላጠ ወለል ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚያ የሚከተሉትን ይሞክሩ። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲረግጡ ማርሹ የሚሻሻል ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ ተዳክሟል። ፔዳሉን እንደረገጡ ማርሽ አስገብተው ሲጠብቁ መጀመሪያ ጸጥ ያለው መኪና ከ10 ወይም 20 ሰከንድ በኋላ ወደፊት ለመሄድ ቢጎትት፣ ከውጭ ጠብታ ባይታይም ፖምፓው በውስጡ እያፈተለከ ነው። ፔዳሉን ሲለቁ ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ተጣጣፊዋ የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጣ ዘይቱ እንዳይመለስ እየዘጋች ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ስትታይ ደህና ትመስላለች፤ ዕድሜዋ ካልታወቀ መቀየሯ ከጥርጣሬ ይገላግላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን መለኪያ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ሲረግጥ እርስዎ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ስንት ሚሊሜትር እንደወጣ በማስመሪያ ይለኩና ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩት። ዘንጉ የታዘዘውን ያህል ከተጓዘ ከፔዳሉ እስከዚያ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ካልተጓዘ ግን ካምቢዮው የሚወርድበት ምክንያት የለም። አየር ማስወጣት ካስፈለገና ከላይ ወደ ታች አልወጣ ካለ፣ ዘይቱን በትልቅ መርፌ ከታችኛው ፖምፓ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ መግፋት ይቻላል፤ አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሄድ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ የላይኛው ማጠራቀሚያ ሞልቶ እንዳይፈስ ብቻ ይጠንቀቁ። ዘይት ሲጨምሩ ዶት 4 ባለበት ላይ ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 አይቀላቅሉ።

በካቦ የሚሠራ ከሆነ ነጻ እንቅስቃሴውን ይለኩ። በቮልስዋገን ቢትል ላይ ፔዳሉ መክበድ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር በነጻ መንቀሳቀስ አለበት፤ የካቦው ተጣጣፊ ሽፋንም ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር መርገብ ይጠበቅበታል። ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ካቦው ጫፉ ላይ መተርተር ከጀመረ ቃጫዎቹን ቆርጦ መጠቀም ለአንድ ሳምንት እንኳ አያስተማምንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን አንድ ምክንያት ላንሣ። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ከተረሳ፣ የሞተር ማስነሻው ኤሌክትሪክ መመለሻ ፍለጋ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ካቦዎች በኩል ያልፋል፤ ካቦውም ግሎ ሽፋኑ ውስጥ ይጣበቃል። አዲስ ካቦ በተደጋጋሚ የሚበላ መኪና ካለዎት ያንን ሽቦ ይፈልጉት።

በሁለቱም ዓይነት፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ከሞተሩ በኩል ሆነው የመኪናውን የፊት ግድግዳ ይመልከቱ። ብረቱ ከፖምፓው ጋር አብሮ ወደፊት የሚተነፍስ ከሆነ ብየዳው ተሰንጥቋል ወይም ዝገት በልቶታል፤ እግርዎ የሚያጠፋው እንቅስቃሴ ብረት በማጠፍ ላይ ነው።

ከውጭ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ የቀሩት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው፦ የተሰነጠቀ የፍሪሲዮን ሹካ፣ የተጣመመ ሸራ፣ ዘንጉ ላይ በዝገት ምክንያት የማይንሸራተት ሸራ፣ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ መያዟ፣ ወይም ሥራው ገና የተጠናቀቀ ከሆነ በተገላቢጦሽ የተገጠመ ሸራ። መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከነበረ ግን ከማውረድ በፊት አንድ ሙከራ ይቀራል። ሸራው ከቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ከሚዞረው ከባድ ሳህን) ጋር በዝገት ተጣብቆ ከሆነ፣ ሞተሩን በደንብ አሙቀው ያጥፉ፤ ሰፊና ፍጹም ባዶ በሆነ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፔዳሉን ረግጠው እንደያዙ በማስነሻው ያስነሡት፤ መኪናው መሄድ ሲጀምር ነዳጁን ጫን ለቀቅ፣ ፍሬኑንም ነካ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ በአንድ የመሰንጠቅ ድምፅ ይላቀቃል። በጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ወይም ፍሬኑ ባልተረጋገጠ መኪና ይህ አይሞከርም።

የማገናኛ ዘንጎች

ካምቢዮው ከእጀታው በራቀ ቁጥር በመካከል ያሉት መገጣጠሚያዎች ይበዛሉ፣ ልልነቱም ይበዛል። በቢትል ላይ ዘንጉ በመኪናው ወገብ ውስጥ አልፎ ከኋላ ወንበር ሥር ባለች ክዳን ስር በጎማ ወይም በፕላስቲክ ማያያዣ ከካምቢዮው ጋር ይገናኛል፤ ይህች ማያያዣ ስትፈርስ እጀታው በገንፎ ውስጥ እንደሚዞር ማማሰያ ይሆናል። ከ1970 እስከ 1972 የተመረቱት የፖርሽ 914 መኪኖች ደግሞ ዘንጉ እስከ ካምቢዮው ጭራ ድረስ ስለሚሄድ በቡሾቻቸው መበላት የታወቁ ናቸው። እጀታቸው በመሪው ሥር የሆነ መኪኖች ሁለትና ከዚያ በላይ ዘንጎች፣ በርካታ ትናንሽ ፒኖች አሏቸው።

ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው እጀታውን ሲያንቀሳቅስ እርስዎ ከሥር ሆነው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይመልከቱ፤ አንደኛው ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላው የሚዘገይበት ቦታ የተበላው ቦታ ነው። ከዚያ ዘንጉን ከካምቢዮው ላይ ያላቅቁና የካምቢዮውን መቀየሪያ በቀጥታ በእጅ ያንቀሳቅሱት። በእጅ ሲነካ ለስላሳ ከሆነ የካምቢዮው ውስጥ ከጥርጣሬ ወጥቷል፤ በእጅም የሚታገል ከሆነ ደግሞ ቡሽ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እኔ በዚህ ርዕስ ላይ አንድ ፈተና ብቻ ምረጥ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።

ቡሾቹን ሲቀይሩ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ፣ ምክንያቱም አንዱ አዲስ ሲሆን ጫናው በቀሩት ላይ ይበረታል። አስተካከሉ በአብዛኛው መኪና ተመሳሳይ ነው፤ ካምቢዮውም እጀታውም ዜሮ ማርሽ ላይ ሆነው፣ እጀታው በትክክለኛ ቦታው ቆሞ፣ የማያያዣው ቡሎን ይጠበቃል። የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ጎማዎችንም አይርሱ። የእጅ ፍሬን ይዘው ፍሪሲዮኑን በትንሹ ሲለቁ ሞተሩ የሚዘል ወይም የሚጋደል ከሆነ ካምቢዮው ከእጀታው እየሸሸ ነው፤ በዝግታ ደህና የነበረ ማርሽ ነዳጅ ሲጫኑ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ዘይቱ

ዘይቱን ከማፍሰስዎ በፊት የመሙያው ቡሎን መከፈቱን ያረጋግጡ፤ አፍስሰው ከጨረሱ በኋላ መሙያው አልከፈት ቢል መኪናዎ እዚያው ይቀራል። ዘይቱ ሞቅ እንዳለ በንጹሕ ዕቃ ያፍስሱትና በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱት። በማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ሊጥ የተለመደ ነው። ወርቅማ ብልጭታ የሲንክሮናይዘሩ የናስ ቀለበቶች እየተበሉ መሆኑን ይናገራል። በጣት ሊያዝ የሚችል የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን መንዳት ያቁሙ።

የዘይቱ ዓይነት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ማርሽ አገባብን ይወስናል። ጂኤል-5 የተባለው ዘይት በውስጡ የሚበዛው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ለዲፈረንሻል ጥርሶች የተሰናዳ ነው፤ በናስ ቀለበቶች ላይ ግን በሙቀት ጊዜ ሊበላቸው ይችላል፣ ቀለበቱም ሥራውን የሚሠራው በሰበቃ ስለሆነ ከመጠን በላይ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ መጽሐፉ ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-4 ይሁን፤ «ቁጥሩ ስለሚበልጥ ይሻላል» የሚለው ምክር ስሕተት ነው። ኤምጂቢ ካምቢዮው ውስጥ የሞተር ዘይት ነው የሚጠይቀው፣ ሚኒ ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ። የካምቢዮና የሞተር ዘይት ቁጥሮች በአንድ ሚዛን የሚለኩ ስላልሆኑ፣ 75ደብሊው-90 የካምቢዮ ዘይት በውፍረቱ ከ10ደብሊው-40 የሞተር ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው። ጠዋት የሚከብድና ሲሞቅ የሚለሰልስ ማርሽ የወፈረ ዘይት ምልክት ነው፤ ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ ወደ ፍሪሲዮኑ ይመለሱ።

በመንገድ ላይ፦ ሲንክሮናይዘርን መለየት

እስካሁን የተባለው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ አንድ ማርሽ ብቻ የሚያፋጭ ከሆነ ባዶ መንገድ ይፈልጉ። ያንን ማርሽ በመጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በዝግታ፣ በመጨረሻ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ በመርገጥ ያስገቡት። በፍጥነት ያፋጨው በዝግታ ዝም ካለ፣ ሁለት ጊዜ ሲረገጥም ፈጽሞ ድምፅ ካላሰማ፣ ጥርሶቹና ሹካዎቹ ደህና ናቸው፤ የተበላው የሲንክሮናይዘሩ ቀለበት ነው። ሁለተኛ ማርሽ ከሌሎቹ ቀድሞ መድከሙ የተለመደ ነው፣ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ቀለበቱ ብዙ ይሠራልና። ይህን ያህል ካረጋገጡ በኋላ መልካሙ ዜና ጥገናው አስቸኳይ አለመሆኑ ነው፤ በትዕግሥት የሚነዳ ሰው ከደከመ ቀለበት ጋር ዓመታት ሊኖር ይችላል።

ማርሽ የሚተፋ፣ ማለትም የገባው ማርሽ በጉዞ ላይ በራሱ የሚወጣበት፣ መኪና ሌላ ነገር ነው። ነዳጅ ሲጫኑ ነው የሚተፋው ወይስ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሡ? የተተፋው ማርሽ አንድ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ መያዣ ጥርሶች ጠርዛቸው ተበልቶ፣ ወይም ዘንጉን የምትይዘው ትንሽ ሞላና ኳስ ተዳክማ ይሆናል። ማርሾቹ በሙሉ የሚተፉ ከሆነ ግን በቅድሚያ የሞተር መቀመጫዎቹን፣ የዘንጎቹን አስተካከል እና የእጀታውን የጎማ ሽፋን ይመርምሩ፤ አዲስና ደረቅ ሽፋን እጀታውን ወደ መሐል እየጎተተ ማርሽ ሲያስተፋ አይቻለሁ። ሞላዋ በብዙ ካምቢዮዎች ላይ ከውጭ በአንዲት ቡሎን ሥር ስለምትገኝ ካምቢዮ ሳይወርድ ትቀየራለች። እጀታውን በእጅ ይዞ መንዳት መፍትሔ አይደለም፤ የውስጡን ሹካ ይበላል።

ድምፅ ምን ይናገራል

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ያዳምጡ። ፔዳሉ ሳይረገጥ የነበረ ጉርምርምታ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚመጣ ጩኸት የገፊው ኩሽኔታ ነው። ማርሽ ገብቶ ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው ቆሞ ሳለ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ናት፣ ያን ጊዜ ብቻ ዘንጉ ቆሞ ክራንክሻፍቱ በዙሪያው ስለሚዞር። በብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ገፊው ኩሽኔታ ሳይሆን የካርቦን ቀለበት ስለሆነ፣ የትራፊክ መብራት ላይ ፔዳል ረግጦ መቆም በፍጥነት ይጨርሰዋል።

መኪናው በድንገት በሁለት ማርሽ ተቆልፎ ጎማው አልዞር ካለ በኃይል አይሞክሩት። ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክለው የውስጥ መቆለፊያ አልቋል፣ ወይም የውጭ ዘንጎቹ ከመስመር ወጥተዋል። በመሪው ሥር እጀታ ባላቸው መኪኖች ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ከሥር ሁለቱን መቀየሪያዎች በእጅ ወደ ዜሮ መመለስ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ካምቢዮው መውረድ ግድ ከሆነ

አንዴ ከወረደ በኋላ እንደገና እንዳይወርድ ይሥሩ። ገፊው ኩሽኔታ፣ የክራንክሻፍቱ ጫፍ ኩሽኔታ እና የሁለቱም ወገን ዘይት ማገጃ ጎሚኒዎች ደህና ቢመስሉም ይቀየሩ። ሸራው ከዘንጉ ጥርሶች ላይ በነጻ መንሸራተቱን በእጅ ይፈትሹ፣ ጥርሶቹን እጅግ ስስ በሆነ ቅባት ብቻ ይቀቡ፤ የበዛ ቅባት ተረጭቶ ሸራውን ያበላሻል። ሸራው በየትኛው ፊቱ ወደ ቮላኖው እንደሚዞር ከማውለቅዎ በፊት ፎቶ ያንሡ። በሚገጥሙበት ጊዜ የካምቢዮውን ክብደት በሸራው ላይ ለአፍታም ቢሆን አያንጠልጥሉ፤ አዲስ ሸራ የሚጣመመው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁሉም ከተገጠመ በኋላም፣ የወገቡን ክዳንና ምንጣፉን ከመመለስዎ በፊት፣ ሞተሩን አስነሥተው የኋላ ማርሽ ፈተናውን ይድገሙ፤ ምንጣፉን ካነጠፉ በኋላም አንድ ጊዜ ይድገሙት።